«ንፋውና ሂድ»

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ ልጽፈው ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ አልበረደም። ስለዚህ እንዳለ ተቀበሉኝ።

ነገሩ ጎማ ነው። «ቲቸር ደግሞ ዛሬ ስለ ጎማ ሊጽፍ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ ስለ ጎማ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚተነፍስ የከባድ መኪና ጎማ። የፈነዳ ጎማን ሁሉም ሰው ያከብረዋል፤ መኪና ያቆማል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ባለንብረት ያስደውላል። ቀስ ብሎ የሚተነፍሰውን ግን ማንም አያየውም። ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት ትንሽ ጎድሏል፣ ይነፋል፣ ይኬዳል። በማግስቱም እንደዛው።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ጅቡቲ መስመር ነው የሚሠራው፣ ከነተሳቢው። ከኋላ በቀኝ በኩል የውስጠኛው ጎማ ሁለት ሳምንት ሙሉ አየር እያወጣ አስቸግሮታል።

«ስንት ጎሚስታ አየው?» አልኩት።

«አምስት፣ ቲቸር።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም የለውም፣ ንፋውና ሂድ።»

አምስቱም! አዳማ ተነፋ፣ አዋሽ ተነፋ፣ ሚሌ ተነፋ፣ ሎጊያ ተነፋ፣ ሲመለስ ደግሞ እንደገና። ባለንብረቱ ደግሞ በስልክ «እስኪፈነዳ ድረስ ጎማ ነው፣ ቢያጆው እንዳያመልጥህ» ብሎታል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስደግሜ ነው የሰማኋት። የ30 ቶን ጭነት በላዩ ላይ ላለ ሰው የሚነገር ነገር ነው ይሄ?

እንግዲህ ጸቤ ከማን ጋር እንደሆነ ልናገር። በመጀመሪያ ከባለንብረቱ ጋር ነው። ቀጥሎ ከጎሚስታዎቹ፣ ቀጥሎ ጎማን በብረት እየቀጠቀጠ «ደህና ነው» ከሚለው ሁሉ ጋር። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከራሴ ጋር ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከመቀጥቀጡ ልጀምር። ረዳቱ ጠዋት ይወርዳል፣ መዶሻ ወይም የብረት ዘንግ ይይዛል፣ ጎማውን ዱም ዱም ያደርጋል፣ ድምፁን ሰምቶ «አለ» ይላል። ይሄ ዘዴ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎማው ባዶ መሆን አለመሆኑን። 110 ፒኤስአይ ያለውን ከ80 አይለይላችሁም። ጆሮዬ ይለያል የሚል ሾፌር ካለ ዓይኑን ጨፍኜ ልፈትነው ዝግጁ ነኝ፤ ከዚህ በፊት ሦስት ጎበዞችን ፈትኛለሁ፣ ሦስቱም ወድቀዋል። ልዩነቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። በከባድ መኪና ጎማ ሥራ የታወቀ መስመር አለ፦ የሚገባው አየር 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይዞ የሄደ ጎማ እንደ ባዶ የሄደ ነው የሚቆጠረው። 110 ለሚፈልግ ጎማ 88 ማለት ነው። 88 ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ስትቀጠቅጡት ደስ የሚል ድምፅ ነው የሚሰጣችሁ።

ለምን 80 በመቶ? አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል። የታጠፈ ላስቲክ ይሞቃል። ሽቦ ወስዳችሁ ደጋግማችሁ ብታጥፉት ጣታችሁን እንደሚያቃጥለው፣ ከዚያም እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ጎማው ውስጥ ያሉት የብረት ክሮች እንደዛው ይደክማሉ፣ ላስቲኩም ከክሩ ይላቀቃል። ከውጭ ምንም አይታይም። በዚያ ላይ አፋር ውስጥ አስፋልቱ ራሱ እንደ ምጣድ ነው። ጥንድ ጎማ ከሆነ ደግሞ የጎደለው ሸክሙን ለጓደኛው ያስተላልፋል፤ ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ንቃችሁ ሁለት ጎማ ነው የምትቀብሩት። የአዲስ ጎማ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደገባ እኔ አልነግራችሁም፣ ባለንብረቶቹ ከእኔ ይሻላሉ።

አሁን «ታዲያ ምን እናድርግ፣ ጊዜ የለም» የሚለው ይመጣል። በውስጥ መስመር የላካችሁልኝም አላችሁ። ጊዜ የለም የሚለው ሰው በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ጎማውን ለማስነፋት የቆመበትን ሰዓት ደምሮት አያውቅም። እኔ ከልጁ ጋር ደመርኩት፤ ወረፋውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። እኛ ቀዳዳውን አግኝተን፣ ጠግነን፣ መልሰን ለማሰር አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ ምሳ በልተን፣ ቡና ጠጥተን።

እንዴት እንዳገኘነው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ንዴቴ ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ሐሙስ በስልክ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መለኪያ ግዛ። ነገ ጠዋት መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ለካ፣ ከነገ ወዲያም በዚያው ሰዓት ለካ። እሱን ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቱንም ለካ።» ለካ። ዓርብ ጠዋት ሁለቱም 110። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቱ 109፣ የኛው 103።

ጎረቤቱ ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ሾፌር አይገባውም። የጎማ አየር ያለ ቀዳዳም ይወርዳል፣ ይወጣል። ጅቡቲ 35 ዲግሪ ላይ 115 አድርጋችሁ የነፋችሁትን ጎማ አዲስ አበባ በ12 ዲግሪ ጠዋት ብትለኩት፣ አንዲት ትንፋሽ ሳያወጣ 109 አካባቢ ነው የምታገኙት። ቅዝቃዜው ብቻውን ወደ 105 ያወርደዋል፤ ከፍታው ደግሞ ሦስት ተኩል ያህል ይመልሳል፣ ምክንያቱም እዚህ ከውጭ የሚጫነው አየር የሳሳ ነው፣ መለኪያው የሚያሳየውም የውስጡንና የውጩን ልዩነት ነው። ይሄንን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ጎማ ያስፈታል። ወይም በተቃራኒው አዋሽ ላይ በፀሐይ የሞቀ ጎማ «በዛ» ብሎ አየር ይቀንሳል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጎደሎ ሆኖ ያድራል። ጎረቤቱ ግን አንድ ፀሐይ፣ አንድ ከፍታ፣ አንድ ጭነት ነው ያለው። እሱ አንድ ሲወርድ የኛው ሰባት ከወረደ ስድስቱ የቀዳዳ ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ መለኪያና አንድ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል።

ቅዳሜ ሞጆ የሚገኝ አንድ ወዳጄ ጋራዥ ተገናኘን። እንደደረስኩ የመጀመሪያው ክርክር ተነሳ። የጋራዡ ልጅ ጎማውን ዞር ዞር ብሎ አየና መርገጫው ላይ የተሰካች ሚስማር አገኘ። «ይኸው!» አለ፤ ፔንሳ አምጥቶ ሊነቅል። ቆይ አልኩት። ሳሙና ውሃ ቀባንባት፣ ጠበቅን፣ አንዲት አረፋ የለም። ስትነቀል ርዝመቷ ከጥፍሬ አይበልጥም፤ ላስቲኩን እንኳ አልጨረሰችም። ስንት ጎማ ነው በእንደዚህ ዓይነት ንጹሕ ሚስማር ምክንያት የተቀደደው? ሚስማሯን አይተው፣ ከውጭ በወስፌ ሰርስረው፣ የላስቲክ ገመድ ወትፈው፣ ያልነበረ ቀዳዳ ፈጥረው የሚልኩ አሉ። የከባድ መኪና ጎማ ደግሞ ከውጭ ተወትፎ አይጠገንም። ተፈትቶ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ከውስጥ ነው የሚለጠፈው።

ቀጥሎ ቫልቭ። ቆቡ አልነበረም። የብረት ቆብ ውስጧ ትንሽ ላስቲክ አላት፤ አቧራ መከላከያ ብቻ ሳትሆን ሁለተኛ በር ናት። ልጄ፣ ጎማህ የብዙ ሺህ ብር ነው፣ ቆቡ የት ሄደ? «ሎጊያ ሲነፋ ቀረ።» እሺ። ሳሙና ቀባን፤ የቫልቩ መርፌ ላይ አረፋ ብቅ አለ፣ ፈነዳ፣ ሌላ ብቅ አለ። ሁሉም እልል ሊል ነው። መርፌው ተቀየረ፣ አዲስ ቆብ ገባ፣ ረዳቱ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

እኔ ነኝ ክፉው ሰውዬ። «አንሰበስብም» አልኩ።

ለምን? በመርፌው በኩል የምትወጣው አረፋ ትንሽ ናት። ቁጭ ብለን አሰብነው፦ የዚህ ጎማ ሆድ 150 ሊትር አካባቢ ይይዛል። በቀን ሰባት ፒኤስአይ ማጣት ማለት በተለመደው አየር ሲመነዘር ወደ 70 ሊትር መሆኑ ነው፤ በደቂቃ አንድ ሲኒ የማይሞላ። አንድ ሲኒ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን እኛ በመርፌው ላይ ያየነው ምስር የምታክል አረፋ በየአሥር ሰከንዱ ነው። ሂሳቡ አልገጠመም። ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። ያለፉት አምስት ጎሚስታዎች ውስጥ አንዱ መርፌ ቀይሮ ነበር እኮ! አንድ ነገር አገኘ፣ ደስ አለው፣ አቆመ። የእኛ ሀገር የጥገና በሽታ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስህተቱን አለማግኘት ሳይሆን የመጀመሪያውን አግኝቶ ማቆም።

ስለዚህ ልናወጣው ተስማማን። እዚህ ላይ ልጮህ ነው፣ ይቅርታ፦ ጥንድ ጎማ ከመፈታቱ በፊት የሁለቱም አየር ይወጣል። የሁለቱም! ዳዶ ከመላላቱ በፊት። የተሰነጠቀ ቸርኬን ይዞት ያለው ዳዶው ሊሆን ይችላል። ጎማዎቹ በሽብልቅ ታገዱ፣ ክሪክ ገባ፣ አየሩ ወጣ፣ ወረደ። ወዳጄ ከወፍራም ቱቦ ያስበየደው የብረት ጎጆ አለው፤ ጎማው እዚያ ውስጥ ገብቶ ነው መልሶ የተነፋው፣ ቱቦው በረጅሙ ተስቦ፣ ሰው ሁሉ ከጎን ቆሞ። ትንሽ ቀዳዳ ሙሉ ግፊት ካላገኘ አፉን አይከፍትምና 110 አስገባን።

ሳሙናውን እንዴት እንደሚቀቡትም ልናገር፤ ይሄንንም አበላሽተነዋል። ሰው አንድ ባልዲ ኦሞ ይመታና በአረፋ ያለብሰዋል። አረፋ ላይ አረፋ ፈልግ እንግዲህ! ውሃው ሳሙና ይኑረው እንጂ አረፋ አይኑረው። በቀለም ቡሩሽ ለስለስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ኮምፕሬሰሩን አጥፉ፣ ወሬውንም አጥፉ፣ ጠብቁ። አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ ጎማ ማየት ለኢትዮጵያዊ ወጣት እንደ ጾም ነው፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይነዝረዋል።

ጎማውን አጋድመን ቸርኬውና ጎማው የሚገናኙበት ቦይ ላይ ውሃ አቆርንበት። ከላይኛው ጎን ምንም። ገለበጥነው። አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ሰባተኛው ላይ ረዳቱ (19 ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም ነበር) «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?» አለ። አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ ላይ እንደ ወተት ዓረፋ ያለ ነጭ ነገር ተሰልፏል። አረፋ እንኳ አይባልም፤ ጥቃቅን፣ የተጨናነቀ። ያ ነበር። በጠመኔ ጎማውም ላይ ቸርኬውም ላይ አንድ ላይ ምልክት አደረግን፤ ከተላቀቁ በኋላ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ ለማወቅ።

ተፈታ። የጎማው ከንፈር ደህና ነው። ቸርኬው ግን ምልክቱ ያለበት ቦታ ላይ ዝጎ፣ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቶ፣ በላዩ ላይ የደረቀ ነጭ ሙጫ ተጋግሮበታል። አንዱ ጎሚስታ ያንን በቫልቭ የሚጨመር ቀዳዳ ደፋኝ ፈሳሽ ጨምሮበት ኖሯል። ለሾፌሩ ሳይነግረው! ፈሳሹ ለጥቂት ቀን ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ይለቃል፣ የሚቀጥለውን ፈላጊ ደግሞ ያሳስታል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አጸዳን፣ ስንጥቅ እንደሌለ በብርሃን አየን፣ ቀባን፣ የጎማውን ውስጥ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ ዳሰስን (የብረት ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል፣ እጅን ግን ይቆርጣል)፣ አሰርን።

ከመነዳሪ ባለው ጎማም ነገሩ ያው ነው። ከመነዳሪውን አውጥተው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ለጥፈው ይመልሱታል። የወጋችው ሽቦ ጎማው ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቫልቩን መነሻ አድርጋችሁ ቀዳዳው ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ለኩ፣ ያንኑ ርቀት ጎማው ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሂዱ፤ ወጊዋ ከሁለቱ ባንዱ ናት። በሁለት ደቂቃ ትገኛለች። የማትገኘው የማይፈልጋት ስላለ ነው።

አሁን ወደ ራሴ።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ፣ ተመርቆ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ልክ እንደዚህ ደወለልኝ። ባለ ቀለበት ቸርኬ፣ ከመነዳሪ ያለው ጎማ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነፈሰ። እኔ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ንፋውና ና፣ እዚህ እናየዋለን።» ሁለት ቀን ጎድሎ የሄደ ጎማ ነው። መንገድ ዳር አንድ ቦታ ቆሞ፣ ጎጆ የሌለበት፣ ተደፍቶ ሲያስነፋ ቀለበቱ ተስፈነጠረ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። በየበዓሉ ይደውልልኛል፣ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ይሄንን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አነበብኩለት፤ «ለጥፈው ቲቸር» አለኝ።

ስለዚህ ጎሚስታዎቹን ስሰድብ ከላይ ሆኜ አይደለም። እነሱ የሚከፈላቸው በነፉት ቁጥር ነው፤ ፈልገው ላጠፉት ሰዓት የሚከፍላቸው የለም። ሾፌሩ የሚከፈለው በቢያጆ ነው። እኔ ደሞዜን የማገኘው ባስተማርኩት ምዕራፍ ነበር፤ ቀዳዳ ፍለጋ በመጽሐፉ ውስጥ ግማሽ ገጽ ናት፣ እኔም በግማሽ ክፍለ ጊዜ ነው የጨረስኳት። የተግባር ጎማችን አየር ኖሮት አያውቅም። ፈተናው ላይ «የጎማ ዓይነቶችን ዘርዝር» ብዬ እጠይቅ ነበር፤ ዘርዝራችኋል፣ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻችኋለሁ። አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ መጠበቅን ግን አልፈተንኳችሁም።

ባለንብረቱን ግን በዚህ ሰበብ አልፈታውም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው ማለት ለሱ አይሠራም፤ ሥርዓቱን የሚከፍለው እሱ ነውና። መለኪያ ለሾፌሩ መግዛት፣ የግማሽ ቀን ጥገና ከአበል ሳይቆረጥ መፍቀድ፣ በብረት ጎጆ ለሚነፋ ጎሚስታ ትንሽ ጨምሮ መክፈል፤ ሦስቱም በእጁ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከባድ ጎማ ያለ መከላከያ ጎጆ መንፋትን የሚከለክል የሥራ ደህንነት ሕግ ካለ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ጋ ጎጆውን የሚሠራ በያጅ በየመንደሩ አለ፣ የሚያዝዘው ሰው ነው የጠፋው።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ጎረቤቱ 110፣ የኛው 110። ማክሰኞ ከሚሌ ደግሞ ላከ፤ አሁንም እኩል ናቸው። ባለንብረቱ የግማሽ ቀኑን ከአበሉ ቆርጦበታል። ይሄንን ሲነግረኝ ነው ንዴቴ ያልበረደው።

ሞጆና አዳማ አካባቢ ያላችሁ፣ የሚመጣው እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ እኔና ወዳጄ አለን። አንድ ቀዳዳውን የማልነግራችሁ ጎማ አዘጋጅቻለሁ። ሾፌርም ረዳትም ጎሚስታም ኑ፤ ገንዘብ የለውም። አድራሻውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስልካችሁን እበሩ ላይ ነው የምሰበስበው።